እጅ የለመደ ውሻ፦ ፀጉራም ጠባቂን በዳንግላ አየር የመንከባከቢያ መመሪያ

ረጅም ፀጉር ያለው ውሻ የሚበጠረው ለውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ የዳንግላ ገበሬም ሆነ የከተማ ነዋሪ ጊዜውን እዚህ ላይ እንዲያውል መምከር ባላስፈለገ ነበር። ማማሩ ትርፍ ነው። ዋናው ነገር በየጊዜው የሚበጠር ውሻ እጅ መልመዱ ነው። እጅ የለመደ ውሻ መዥገሩ ይለቀምለታል፤ ቁስሉ ሳይመረቅዝ ይታይለታል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ሲመጣ በገመድ ተይዞ ይቀርባል። ማንም ነክቶት የማያውቅ ውሻ ግን ክትባቱ በነፃ ቢሰጥ፣ ባለሙያው ደጃፍ ድረስ ቢመጣ እንኳ የሚይዘው ሰው አይገኝም፤ ሲጠጉት ይሸሻል ወይም ይናከሳል። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ሚዶ፣ ስለ ወረንጦና ስለ ለብ ያለ ውሃ የሚነገረው ሁሉ አንድ ግብ አለው፦ የቤቱ ሰው ውሻውን ከጆሮው እስከ ጅራቱ፣ ከጀርባው እስከ ጣቶቹ መሐል ያለ ስጋት መዳሰስ እንዲችል ማድረግ።

በመጀመሪያ የትኛውን ውሻ ማለታችን እንደሆነ እንለይ። በአዊ ዞን፣ በዳንግላም ሆነ በእንጅባራ ዙሪያ፣ ከብትና በግ የሚያሰማራው እረኛው ልጅ ነው። ውሻው መንጋ አይነዳም፤ ቀን አብሮ ይውላል፣ ሌሊት ደግሞ በረቱን ከጅብ ይጠብቃል። አብዛኛው የአገሬው ውሻ ፀጉሩ አጭርና ቆዳው ላይ የተኛ በመሆኑ ብዙ ማበጠር አይጠይቅም፤ ለእሱ ከዚህ መመሪያ የዳሰሳው ክፍል ይበቃዋል። ሥራ የሚበዛው ‹‹የፈረንጅ ውሻ›› በሚባሉትና በድቅሎቻቸው ላይ ነው። ከእነዚህ በአገራችን ይበልጥ የሚታወቀው ጀርመን ሼፐርድ ነው። ይህ ዝርያ በጀርመን አገር በ1899 እ.ኤ.አ. ሲመዘገብ መነሻው የበግ እረኛ ውሻ ነበር፤ ከዘሩም ረጅም ፀጉር ይዘው የሚወለዱ አሉ። ድቅል ቡችሎችም ከአገሬው ውሻ ይልቅ ወፈር ያለና ሥሩ ላይ የታመቀ ፀጉር ሊወርሱ ይችላሉ። እንዲህ ያለ ውሻ ግቢዎ ውስጥ ካለ፣ ፀጉሩ ሥር ያለውን ነገር በዓይን ብቻ ማየት አይችሉም። መዥገር፣ ቁስል፣ እብጠት፣ አንገቱን የቆረጠው ማሰሪያ ሳይቀር ከፀጉሩ ሥር ተሸፍኖ ሊከርም ይችላል።

‹‹ውሻ ደግሞ ይበጠራል እንዴ?›› የሚል ሰው በአዊ ምድር መልሱን ከጎረቤቱ ያገኛል። የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ እንጅባራ ላይ በዓላቸውን ሲያከብሩ የሚቀርበው ፈረስ ጋማው ተበጥሮ፣ ገላው ታሽቶ፣ ጌጡን ለብሶ ነው። ፈረሱን የሚያሸው እጅ ገጣባ ጀምሮት እንደሆነ፣ እግሩ አብጦ እንደሆነ፣ ጋማው ሥር መዥገር ተደብቆ እንደሆነ በዚያው ያውቃል። ይህን ቅንጦት ነው የሚል የለም፤ የባለቤትነት ወግ ነው። ለውሻ የሚጠየቀውም ይኸው ዓይነት ትጋት ነው፤ ያውም በጣም ያነሰ ጊዜ የሚወስድ። ረጅም ፀጉር ላለው ውሻ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ ከሩብ ሰዓት ያልበለጠ ጊዜ ከተሰጠው ይበቃዋል።

የፀጉሩን አሠራር ማወቅ ብዙ ስህተት ያስቀራል። የእረኛ ውሻ ዝርያዎች ፀጉር ድርብ ነው። ከላይ ያለው ረጅሙና ጠንካራው ዝናብና ጭቃ የሚከላከል ሲሆን፣ ከሥር ያለው አጭርና ለስላሳው ደግሞ አየር አቅፎ ይይዛል። ይህ የታቀፈ አየር ሌሊት ብርዱን፣ ቀን ፀሐዩን ያግዳል። ‹‹ሙቀት እንዳይጎዳው ብንላጨውስ?›› የሚለው ሐሳብ ከደግ ልብ የሚመነጭ ቢሆንም የሚጎዳው ውሻውን ነው። ውሻ እንደ ሰው በመላ ገላው አያልብም፤ የሚቀዘቅዘው በዋናነት በማለክለክ ነው። ፀጉሩ ሲላጭ ሙቀቱ አይቀንስለትም፤ ይልቁንም ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ዳንግላ የቀኑ ፀሐይ ቆዳውን ያቃጥለዋል፣ የሌሊቱ ብርድ ደግሞ ይገባበታል። የተላጨው ድርብ ፀጉርም ሁልጊዜ እንደ ቀድሞው አይመለስም፤ አንዳንዱ ላይ ተቆራርጦ፣ አንዳንዱ ላይ የውስጡ ብቻ ጎልቶ ይበቅላል። ሐኪም ለቁስል ወይም ለቀዶ ሕክምና ካልላጨው በቀር ፀጉሩን ለማሳጠር ምላጭም መቀስም ገላው ላይ አይድረስ።

የሚረግፍበት ጊዜም ከውጭ አገር መጻሕፍት እንደምናነበው አይደለም። በአውሮፓ እንዲህ ያለ ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጸደይና በመፀው መግቢያ፣ ፀጉሩን በብዛት ይጥላል፤ ምክንያቱም የቀኑ ርዝመት በወቅቶች መካከል በእጅጉ ስለሚለዋወጥ ነው። ዳንግላ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ11 ዲግሪ አካባቢ ናት፤ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ መርገፉ ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት የሚቀጥል ነው ብለው ይዘጋጁ። ወቅት የሚለየው በሌላ ነገር ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም የሚያስቸግረው እርጥበት ነው፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ ጭጎጎትና የሣር ፍሬ። እንክብካቤዎን በእነዚህ ሁለት ወቅቶች ልክ ያስተካክሉ።

መሣሪያው ቀላል ነው። ጥርሱ ረጅምና ሰፋ ያለ ሚዶ፣ ከተገኘ የሽቦ ብሩሽ፣ አንድ ወረንጦ፣ ጫፉ ያልሾለ መቀስ፣ ሁለት አሮጌ ፎጣ ወይም ንጹሕ ጨርቅ። የእንጨቱ ሚዶ ለዚህ ሥራ በጣም ተስማሚ ነው፤ ጥርሱ ከላይኛው ፀጉር አልፎ ሥሩ ድረስ ይገባል። የጥርሱን ጫፍ ግን በራስዎ ክንድ ላይ ጎትተው ይሞክሩት፤ እርስዎን የጫረ ውሻውንም ይጭረዋል። ሚዶው ለውሻው ብቻ ይሁን፤ ከቤተሰቡ ማበጠሪያ ጋር አይቀላቀል። ቦታው ከቤት ውጭ፣ ነፋስ ፀጉሩን ወደ ማድ ቤት ወይም ወደ ውሃ ጉድጓድ የማይወስድበት፣ ልጆችና ዶሮዎች የማይተራመሱበት ጥግ ቢሆን ይመረጣል።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንግባ፤ ይኸውም ማስለመድ ነው። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ሁሉንም ያበላሻል። ቡችላ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ከተወለደ ከሦስተኛው እስከ ዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ ያለው ጊዜ አእምሮው የሰውን እጅ በቀላሉ የሚቀበልበት ነው። በዚያ ዕድሜ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ እግሩን ያንሡ፣ ጆሮውን ይግለጡ፣ ከንፈሩን ከፍተው ጥርሱን ይዩ። ያደገ ውሻ ከሆነ ግን በሚዶ አይጀምሩ፤ በባዶ እጅ ይጀምሩ። ሠርቶ ውሎ ደከም ባለበት፣ ከመብላቱ በፊት፣ ትከሻውንና ጀርባውን ብቻ ያሹት፤ ዝም ብሎ ሲቆም አንድ ቁራሽ እንጀራ ይስጡት፤ ከዚያ ይተዉት። በዚሁ ጥቂት ቀን ይቆዩ። ጀርባውን ሲቀበል ጎኑን፣ ቀጥሎ ደረቱን፣ ከዚያ ጭኑንና ጅራቱን ይጨምሩ። ሆዱ፣ እግሩና ጆሮው የመጨረሻ ናቸው፤ ውሻ አጥብቆ የሚጠብቃቸው እነሱን ነውና። ሚዶውን መጀመሪያ ያሽትተው፤ ቀጥሎ በጀርባው በኩል ገላውን ይንኩት፤ ማበጠሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ውሻው መናገር ባይችልም ይናገራል። ምግብ ሳያይ ከንፈሩን ደጋግሞ ቢልስ፣ እንቅልፍ ሳይመጣው ቢያዛጋ፣ ፊቱን ቢያዞር፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ቢለጥፍ ‹‹በቃኝ›› እያለ ነው። በድንገት ድርቅ ብሎ ከቆመና በዓይኑ ጠርዝ ከተመለከተዎት ደግሞ ቀጣዩ ንክሻ ሊሆን ይችላል፤ እጅዎን ቀስ ብለው ያውጡ። አይምቱት። ሲያጉረመርም የተመታ ውሻ ማጉረምረሙን ይተዋል እንጂ ፍርሃቱን አይተውም፤ በሚቀጥለው ሳያስጠነቅቅ ይናከሳል። ይህን ማስጠንቀቂያ መጠበቅ በተለይ ለልጆች ሲባል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እብድ ነው ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱ ሰዎች 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። በእኛ ገጠር ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከውሻው ጋር የሚውለው ልጅ ነው። ስለዚህ የማስለመዱን ሥራ አዋቂ ይሥራው፤ ልጁ የሚገባው ውሻው ሙሉ በሙሉ ከለመደ በኋላ፣ ያውም አዋቂ በአጠገቡ ሳለ ነው።

ከለመደ በኋላ የማበጠሩ አካሄድ እንዲህ ነው። ብዙ ሰው ላይ ላዩን ይጠርግና ውሻው ሲያበራ ጨረስኩ ይላል፤ ሥሩ ግን እንደ ብርድ ልብስ ተጣብቆ ቀርቷል። በአንድ እጅዎ ፀጉሩን ወደ ላይ ገፍተው ይያዙ፣ ነጩ ቆዳ እስኪታይ ድረስ ይክፈሉት፤ በሌላው እጅዎ ከመስመሩ በታች ያለውን ጥቂት ፀጉር ከቆዳው ወደ ውጭ ያበጥሩ። ከዚያ ከላይ ሌላ ቀጭን መስመር ይልቀቁ፤ እንዲህ እያሉ ከታች ወደ ላይ ይሂዱ። ሚዶው ቢይዝ አይጎትቱ፤ ከጫፉ ጀምረው ወደ ሥሩ ይፍቱ። ጥርሱ መሐል የሚቀረውን የውስጥ ፀጉር እያወጡ ፌስታል ውስጥ ያኑሩ። ከጆሮው ኋላ፣ ብብቱ ሥር፣ የኋላ ጭኑና ከጅራቱ ሥር ያለው ቦታ በየጊዜው መታየት አለበት፤ ቋጠሮ የሚጀምረው እነዚያ ቦታዎች ላይ ነው።

ቋጠሮ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ውሻው በተራመደ ቁጥር ቆዳውን ይጎትተዋል፤ ሥሩ እርጥበት ይይዛል፤ ቆዳው ይቀላል፣ ይላላጣል፣ ይሸታል፤ ዝንብም ያርፍበታል። ቋጠሮ ሲያገኙ በጣትዎ ወደ ሁለት፣ ወደ ሦስት ይሰንጥቁት፤ ከዚያ እያንዳንዱን ከጫፉ ያበጥሩ። እምቢ ካለ ሚዶውን በቆዳውና በቋጠሮው መካከል ያስገቡ፤ መቀሱ ከሚዶው በላይ፣ ከቆዳው ውጭ ብቻ ይቁረጥ። ያለ ሚዶ በመቀስ መሞከር አደገኛ ነው፤ የውሻ ቆዳ ልል ስለሆነ ከቋጠሮው ጋር ተስቦ ይወጣና አብሮ ይቆረጣል። ጭጎጎት ከሆነ ጥቂት የኑግ ዘይት ጣትዎ ላይ አድርገው ፍሬውን ያሹት፤ እሾሁ ይንሸራተትና በጣት ይወጣል። አደይ አበባ ረግፎ ፍሬው በሚደርቅበት ወቅት ደግሞ የጣቶቹን መሐልና የጆሮውን ቀዳዳ ሳያዩ አይለፉ። ሹል የሣር ፍሬ ወደ ፊት ብቻ ነው የሚሄደው፤ ጣት መሐል ከገባ ሥጋውን እየበሳ ይዘልቃል፤ ጆሮ ውስጥ ከገባ ውሻው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያለማቋረጥ ራሱን ያራግፋል። በዓይን የማይታየውን ከጆሮው ለማውጣት አይሞክሩ፤ የእንስሳት ሐኪም ይይዘው።

ማበጠሩ ካለቀ በኋላ እጅዎ ይሥራ። ዓይንዎን ጨፍነው እንኳ ሊያደርጉት የሚገባ ዳሰሳ ነው፦ ጆሮ ውስጡና ዙሪያው፣ አገጭ ሥር፣ አንገት፣ ብብት፣ ብሽሽት፣ ጅራት ሥር፣ በጣቶች መሐል። አንገቱ ላይ ማሰሪያ ካለ ሁለት ጣትዎ በቀላሉ ሊገባ ይገባል፤ ቡችላ ያድጋል፣ ሰንሰለቱ ግን አያድግም፤ ረጅሙ ፀጉርም ቁስሉን ይሸፍነዋል። ምስር የሚያህል፣ የማይንቀሳቀስ ነገር ከነኩ መዥገር ሊሆን ስለሚችል ፀጉሩን ከፍለው ይዩት። ነጭ ጋዝ አያፍሱበት፣ ቅቤ አይቀቡት፣ በክብሪትም አያቃጥሉት፤ እነዚህ ሁሉ መዥገሩን ያስጨንቁትና ሆዱ ውስጥ ያለውን ወደ ውሻው ደም ሊያስተፋው ይችላል። በእጅዎ ፌስታል ያጥልቁ፤ በወረንጦው ጫፍ ከቆዳው ጋር እኩል አድርገው አፉን ይያዙት፤ ሳያጣምሙ፣ ሳይነጥቁ፣ ቀጥ አድርገው ይሳቡ። በጥፍርዎ አይፍረጡት፤ አልኮል ውስጥ ወይም እሳት ውስጥ ይጣሉት። ቦታውን በሳሙና ያጥቡ።

ቁንጫን በዓይን ማሳደድ አድካሚ ነው፤ ፈጣን ነውና። ይልቁንም ከሚዶው ጥርስ መሐል የወጣውን ጥቁር ብናኝ ነጭ እርጥብ ጨርቅ ላይ ያራግፉት። ብናኙ በጨርቁ ላይ ቀይ ቡናማ ሆኖ ከተሰራጨ አፈር አይደለም፤ ቁንጫው የመጠጠውና የጣለው ደም ነው። ይህን ካዩ ውሻውን ብቻ ማከም አይበቃም። ከቁንጫው ዘር አብዛኛው ያለው ውሻው ላይ ሳይሆን መኝታው ውስጥ ነው፤ እንቁላሉ ከፀጉሩ እየረገፈ ጭዱና አፈሩ ውስጥ ይፈለፈላል። ጭዱን አውጥተው ያቃጥሉ፣ ጆንያውን በፈላ ውሃ አጥበው ፀሐይ ላይ ያስጡ፣ ወለሉን ደጋግመው ይጥረጉ። የጆሮው ጫፍና ክርኑ ፀጉር አጥቶ ቅርፊት ካወጣ፣ ውሻውም ሌሊቱን ሲያክ ካደረ እከክ ነው ብለው ይጠርጥሩ፤ ክብ ሆኖ ፀጉሩ የረገፈ ቦታ ደግሞ ጭርት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ወደ ሰው ይተላለፋሉ።

መድኃኒት ላይ ስንደርስ ብዙ መናገር ግድ ነው፤ በፀጉራም ውሻ ላይ የሚደርሰው ትልቁ ጉዳት ከዚህ ይመጣልና። በየገበያው የከብት መዥገር መድኃኒት አለ። ለበሬ የተበጠበጠ ዲያዚኖን ለውሻ አይሆንም፤ ረጅሙ ፀጉር ብዙ መድኃኒት ያቁራል፣ ውሻው ደግሞ ይልሰዋል። በርካታ ሰው የሚያምንበት አይቨርሜክቲንም እንዲሁ ነው። ለከብትና ለበግ የሚወጋው መጠን ለእነሱ የታሰበ ነው። በተለይ የእረኛ ውሻ ዝርያዎች ላይ የተለየ አደጋ አለ። የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ኮሊ በሚባለው ረጅም ፀጉር ያለው የእረኛ ውሻ ዝርያ ውስጥ መድኃኒቱ ወደ አንጎል እንዳይገባ የሚያግደው ተፈጥሯዊ በር በዘር ጉድለት የተበላሸባቸው ብዙ ናቸው። ጉድለቱ በኋላ በሌሎች የእረኛ ውሻ ዝርያዎችም ተገኝቷል። እንዲህ ያለ ውሻ የከብቱን መጠን ከተሰጠው ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ይንገዳገዳል፣ ዓይኑ ማየት ያቆማል፣ ራሱን ስቶ ሊሞትም ይችላል። የእርስዎ ድቅል ከየትኛው ዘር እንደመጣ በእርግጥ የሚናገር ሰው ስለማይገኝ፣ ጥንቃቄው ለሁሉም ነው፤ ለውሻ የተዘጋጀ መድኃኒት፣ በክብደቱ ልክ፣ በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ ብቻ ይሰጠው። ፈረስዎ ወይም በግዎ በዚህ መድኃኒት በታከመበት ቀን ሲሪንጁን፣ የፈሰሰውን መድኃኒትና የእንስሳውን ፋንድያ ውሻው እንዳይልስ ይጠብቁ።

ማጠብ እንደ ማበጠር ቶሎ ቶሎ የሚያስፈልግ ሥራ አይደለም። ንጹሕ፣ የተበጠረ ውሻ ከሁለት ወር በፊት መታጠብ አያሻውም፤ አዘውትሮ ማጠብ የቆዳውን ቅባት ይገፈዋል። ሳይበጠር ግን ፈጽሞ አይታጠብ፤ ቋጠሮ ሲረጥብና ሲደርቅ ይጠብቃልና። ፀሐይ ባለበት ቀን ከረፋዱ ይጀምሩ፤ ውሃው ለብ ያለ ይሁን። የልብስ ዱቄት ሳሙና አይጠቀሙ፤ የውሻ ቆዳ ከሰው ቆዳ ይልቅ ቀጭን ነው፣ ዱቄቱም ሥሩ ላይ ቀርቶ ያሳክከዋል። ለውሻ የተሠራ ሻምፖ ከሌለ በጣም ለስላሳ የሕፃን ሻምፖ በውሃ አቅጥነው ይጠቀሙ። እንዶድ ዝነኛ ነው፣ ለሸማም ያማረ ነው፤ ነገር ግን ዓይንና አፍ ያቃጥላል፣ ሲላስ ይመርዛል፣ ስለዚህ ለውሻ አይሁን። ከአንገቱ ወደ ኋላ ይጠቡት፤ ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ያብሱ፤ ጆሮው ውስጥ ውሃ አይግባ። የሚወርደው ውሃ አረፋ እስኪያጣ ድረስ ያለቅልቁ። ሰው ከሚቀዳበት ምንጭ ወይም ወንዝ ራቅ ብለው ያድርጉት። ፎጣውን እየጫኑ እርጥበቱን ያስመጥጡ እንጂ አያፍተልትሉ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ የውስጡ ፀጉር ጭምር መድረቁን በጣትዎ ያረጋግጡ።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሙሉ ገላውን ማጠብ ይቅር። ውሻው ከመስክ ጭቃ ለብሶ ሲገባ ሆዱንና እግሩን በጨርቅ ያብሱ፤ ጭቃው የደረቀ እንደሆነ በእጅ ፍርፍር አድርገው ያበጥሩት። በዚህ ወቅት ዋናው ነገር መኝታው ነው። ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ወለል፣ ከላይ የማያፈስ ቆርቆሮ ወይም ሣር፣ ቶሎ ቶሎ የሚቀየር ደረቅ ጭድ። ሌሊቱን ሙሉ ርጥብ መሬት ላይ የሚያድር ፀጉራም ውሻ፣ ጠዋት ጠዋት ቢበጠር እንኳ ቆዳው መበስበሱ አይቀርም።

ሁለት ተቃውሞ ቀርቷል፤ ሁለቱም ከባድ ናቸው። የመጀመሪያው ‹‹የተዳሰሰ ውሻ ጥበቃ ይተዋል፤ ጠባቂ ውሻ ሰው ሲነካው መቆጣት አለበት›› የሚል ነው። ስጋቱ ይገባል፤ በረት የሚጠብቅ ውሻ ልፍስፍስ እንዲሆን የሚፈልግ የለም። ግን ውሻ የራሱን ሰውና ባዳውን ለይቶ ያውቃል። በቱርክ ካንጋል፣ በጣሊያን ማሬማ የሚባሉት የመንጋ ጠባቂዎች ከተኩላና ከድብ ጋር ይጋጠማሉ፤ ባለቤቶቻቸው ግን ይይዟቸዋል፣ ያክሟቸዋል። በእንዲህ ያሉ ውሾች ላይ የሠሩ አርቢዎች ዛሬ የሚመክሩት ቡችላው ከበጎቹ ጋር ይደግ፣ ነገር ግን ባለቤቱ ጠርቶ ሊይዘው፣ ሊዳስሰውና ሊያሳክመው የሚችል ይሁን ብለው ነው። የጥበቃ ጠባዩ እንዳይሳሳ ከፈለጉ፣ ውሻውን የሚያበጥረው የቤት ሰው ብቻ ይሁን፤ እንግዳ እንዲያሻው አይፍቀዱ። ሁለተኛው ተቃውሞ የንጽሕና ነው፤ ውሻ ርኩስ ስለሆነ መዳሰስ አይገባም የሚል። ውሻ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንዳይገባ መከልከሉን ይህ መመሪያ አይነካውም። ሥራው ከቤት ውጭ የሚሠራ ነው፣ ልብስ ይቀየራል፣ እጅ በሳሙና ይታጠባል። በመጽሐፈ ጦቢትም ጦብያን በመንገዱ ያጀበው ውሻ ነበር። ስለ ጤናው ካሰብን ደግሞ እጅ መታጠቡ ግዴታ ነው፦ ጥሬ የበግ ጉበትና ሳንባ በበላ ውሻ አንጀት ውስጥ የሚኖር ጥቃቅን ትል እንቁላሉ ፀጉሩ ላይ ይጣበቃል፤ በሰው አፍ ከገባ ጉበትና ሳንባ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያበጃል። መፍትሔው ውሻውን መሸሽ አይደለም፤ በዓመት በዓል እርድ ላይ በሽታ ያለበትን የውስጥ አካል መቅበርና ለውሻ አለመወርወር ነው።

ውሻውን የማይነኩበት ጊዜ አለ፤ ይህን ልጆችም ይወቁት። የለመደው ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ ለሃጩ ከተዝረከረከ፣ መዋጥ ካቃተው፣ መንጋጋው ከወረደ፣ ያለ ምክንያት ከብቱንና እንጨቱን ከነከሰ ሚዶውን ያስቀምጡ። ‹‹አጥንት ተቀርቅሮበት ይሆናል›› ብለው እጅዎን አፉ ውስጥ አይክተቱ። ቢቻል በር ዘግተውበት ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ያስታውቁ። ውሻዎ ካልታወቀ ውሻ ጋር ተናክሶ ከመጣም ፀጉሩ ላይ የሌላው ለሃጭ ሊኖር ስለሚችል በባዶ እጅ አይንኩት። ሰው ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ቁስሉ ወዲያውኑ በሚወርድ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ሰው ላይ አንዴ ከታየ የሚድን የለም ማለት ይቻላል፤ ከምልክቱ በፊት የሚሰጠው ክትባት ግን ያድናል። በዚህ መካከል በባሕል መድኃኒት የሚጠፋው ጊዜ የማይመለስ ነው።

በዓለም ላይ በዚህ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚሞት ይገመታል፤ ለሰው የሚተላለፈው ከመቶ 99 ያህሉ በውሻ አማካይነት ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መዛመቱን ያቆማል። የዳንግላ አንባቢ ሆይ፣ ይህ ቁጥር የሚሞላው በመርፌው ብቻ ሳይሆን ውሻውን ይዞ በሚቆመው ሰው ነው። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው፣ ያደገውም በየዓመቱ ወይም ባለሙያው በሚነግርዎ ጊዜ እንዲከተብ ወደ ወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ይውሰዱት። የተከተበበትን ወረቀት ከቤቱ ሰነዶች ጋር ያስቀምጡ። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ትከሻውን ያሹት፤ የጎረቤትዎ ውሻ እጅ ያልለመደ ከሆነም ባለቤቱን ያስጀምሩት፤ የክትባቱ ቀን ሲነገር ሁለታችሁም ውሾቻችሁን በገመድ ይዛችሁ አብራችሁ ውጡ።